ጭሱን የጨረሰ ፍም

ቤታችን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ጉና በኩል የግማሽ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ሰፈር ውስጥ ነበር። ባሌ የምክትል ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ከተጋባን ገና ሦስት ወራችን ነው። ደጋ ነው ሲሉኝ ንቄ ነበር። የታች ጋይንት ልጅ ነኝ፤ አርብ ገበያ ደርሼ ስመለስ ስንት ዝናብና ስንት ነፋስ በላዬ አልፏል፣ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣብኛል አልኩ። እዚያ ስደርስ ግን ብርድ የሚባለውን ነገር ጨርሶ እንደማላውቀው ገባኝ። በበጋ ጠዋት የእንስራው ውሃ አናቱ ላይ ረግቶ ይገኛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ከተራራው ይወርድና ቤትን ከቤት ይለያል፤ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል እንጂ በሩ አይታይም። አንዳንዱ ቀን ሳይነጋ የቀረ ይመስላል።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር፤ ስልጣኔ የሚባል ነገር ካየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ደብረ ታቦር ሳለ በአንድ የውጭ አገር ሰው ቤት የብረት ምድጃ አይቷል። እንጨቱ ከውስጥ ይነዳል፣ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሰው ዓይኑ ሳያለቅስ ሙቀቱን ብቻ ይወስዳል። ይህንን ሳይነግረኝ የዋለበት ቀን አልነበረም። እኔ ስፀንስና ወሩን ስንቆጥር መውለጃዬ ሐምሌ ላይ ሲውል፣ ልጄ በዚህ ብርድ አይወለድም ብሎ ማለ። ወዲያው ደብረ ታቦር ላለ አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ መልእክት ላከ።

ሠራተኛው ግንቦት ላይ አንድ ባዶ የናፍጣ በርሜልና ጥቅል ቆርቆሮ በአህያ አስጭኖ መጣ። እጁ እንጂ አፉ የማይሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ቀን በርሜሉ ውስጥ ሜዳ ላይ እሳት ሲያነድ ዋለ፤ ዘይቱና ቀለሙ እዚሁ ተቃጥሎ ይለቅ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳያፍን አለ። በማግስቱ በር ቆረጠለት፣ እግር አበጀለት፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ተኩል አርቆ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆመው። ከዚያ ግድግዳውን ቀደደና ቂጡ የወለቀ ገንቦ አስገባበት፤ ቱቦውን በገንቦው መካከል አሳልፎ ዙሪያውን አመድ የተቀላቀለበት ጭቃ ሞላው። የግድግዳው እንጨት በቱቦው ግለት እንዳይያያዝ ነው። ቱቦው ውጭ ከወጣ በኋላ ወደ ላይ ታጥፎ ከጣራው አናት ያልፋል፣ ጫፉ ላይ የዝናብ ቆብ አለው። ከመታጠፊያው ሥር፣ ለሰው እጅ በሚመች ቁመት፣ ጥላሸት የሚጠረግበት ክዳን አበጀለት።

ባሌም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የምንተኛበትን ክፍል ግድግዳ ከቢሮ ባመጣው አሮጌ ጋዜጣ ለጠፈው፣ ግድግዳውና የቆርቆሮ ጣራው የሚገናኙበትን ክፍተት በጭቃ መረገው፣ መስኮቱን ዳር ዳሩን በጨርቅ ወተፈው። በስንት ልፋት ያመጣነው ሙቀት እንዲሁ ሊወጣ ነው ወይ ይላል። ሲጨርስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሥራውን ሲያይ የነበረው አኳኋን አሁንም ያስቀኛል። ሠራተኛው አህዮቹን ይዞ ሊሄድ ሲል ባሌን በር ላይ ጠርቶ አንድ ነገር አስጠነቀቀው፤ ምድጃው ውስጥ እሳት እስካለ ድረስ፣ ጭስ ኖረም አልኖረም፣ የቱቦው መንገድ ፈጽሞ እንዳይዘጋ። ባሌ ይህንን ለኔ አልነገረኝም። ኋላ ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ስለ እሳት ለሴት ምን አስተምራለሁ ብዬ ነው አለኝ።

ነፋስ በመጣ ቁጥር ቱቦው ያንጎራጉራል። አፉን የዘጋ ሰው ከጉሮሮው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ነፋሱ ሲበረታ ከፍ ይላል፣ ጨርሶ አያቋርጥም። በመጀመሪያው ሳምንት የጠራኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ዞር እንዳልኩ አልቆጥረውም። ባሌ ይስቅብኛል። ሲቆይ ለመድኩት፤ እንዲያውም ብቻዬን ስሆን ቤት ውስጥ ሰው ያለ ያህል ያጽናናኝ ጀመር።

እናቴ ሰኔ ሲያልቅ ሁለት ቀን ተጉዛ ከታች ጋይንት መጣች። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድን ሴት የምታርሳት እናቷ ናት። ምድጃውን ዞራ ዞራ አየችው። ብረት መሆኑን ወደደችው፤ ከአራስ ራስጌ ብረት አይለይም፣ ማጭድ ወይም ቢላዋ ይቀመጣል፣ ይህ ደግሞ በርሜል ሙሉ ብረት ነው። ግድግዳው መቀደዱን ግን አልወደደችውም። በአገራችን የአራስ ቤት ይደፈናል። ነፋስ አይገባበትም፣ ፀሐይ አይገባበትም፣ ከሁሉም በላይ ቀትር አይገባበትም። ቀትር ስንል ሰዓቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚዞር ጋኔን አለ፤ ካህናቱም ስሙን እየጠሩ ይጸልዩበታል፣ ሰው በስድስት ሰዓት ወንዝ አይወርድም፣ ዛፍ ሥር አይተኛም። ባሌ ጭሱ እንዴት እንደሚወጣ ሲያስረዳት በአክብሮት ሰማችው። እሱ ሲወጣ ግን ጭሱ በወጣበት ሌላም ሊገባበት እንደሚችል በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ምድጃው ሥራውን ሠራ፤ ውጭ በረዶ እየጣለ እኔ በቀጭን ቀሚስ ተቀምጬ ገንፎ እበላለሁ። ሊጠይቁኝ የመጡ ሴቶች ምድጃውን ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው ይሞቁና ለሹክሹክታ ወደ ማጀት ይገባሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ እናቴም ከልጅነቷ ጀምሮ ፍልሰታን ሳታስቀድስ ያለፈችበት ዓመት የለም። እሷ ስትሄድ እኔ ብቻዬን መቅረቴ ነው፣ ያውም በዚያ ሰዓት። ባሌ ቢሮ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ዝግጅቷን አሳመረች። ጠዋት ምድጃውን ጥሩ አድርጋ ታነዳለች፣ ለቀትር ሲቃረብ እንጨቱ ነድዶ ያልቅና ጥርት ያለ ፍም ይሆናል። የምድጃውን በር ከፍታ ታየዋለች፤ ጭስ የለውም፣ ቀይ ነው፣ ሙቀቱ እስክትመለስ ይበቃል። ማጭዱን ከትራሴ ሥር ታደርጋለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች፣ ወጥታ በሩን ከውጭ በድንጋይ ታስደግፈዋለች።

የመጀመሪያው ቀን እሷ ከወጣች ጥቂት ቆይቶ ቱቦው ዝም አለ። ነፋሱ የቆመ መስሎኝ ጆሮዬን ጣልኩ። ነፋሱ አልቆመም፤ ከቤቱ ኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ ይሰማኛል፣ የቆርቆሮው ዳር ይንኳኳል። ቱቦው ብቻ ዝም ብሏል። ከሁለት ወር በላይ ያላቋረጠ ድምፅ ሲቋረጥ ዝምታው ራሱ ይሰማል። ያ የሚያንጎራጉረው አፉን ዘግቶ እኔን የሚያዳምጠኝ መሰለኝ።

ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይመታ ጀመር። ግንባሬ በገመድ ተጠፍሮ ቀስ በቀስ የሚጠብቅ ዓይነት ሆነ። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ላይ የታተሙ ፊቶች አሉ፤ ሹማምንት፣ ወታደሮች፣ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ልጮህ ፈለግሁ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። አልጋው ከእግሬ በኩል ዝቅ ሲል ተሰማኝ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሆነው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ብችልም አላይም ነበር።

ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደሆንኩ አላውቅም። ድንገት ቱቦው ማንጎራጎሩን ጀመረ። ወዲያው በሩ ተከፈተ፣ ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። ሳያት አስመለሰኝ። ለእሳቱ እንጨት ጨመረች፣ ፊቴን በጠበል አበሰችው፣ እስከ ማታ ድረስ ራስ ምታቱ ብቻ ቀረ። ባሌ ደም ቢያንስሽ ነው አለ። ለሱ ሁሉ ነገር የደም ማነስ ነው።

በማግስቱ ደገመኝ። በሦስተኛውም ቀን። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፤ እናቴ ትወጣለች፣ ቱቦው ዝም ይላል፣ ያ ነገር መጥቶ ከእግሬ ሥር ይቀመጣል፤ ቱቦው ይጀምራል፣ እናቴ ትገባለች። በሦስተኛው ቀን ከምድጃው አጠገብ ቅርጫት የተደፋባት ዶሮ ሞታ ተገኘች። ቁስል የላትም፣ ደም የላትም፣ ክንፏን ዘርግታ አንገቷን መሬት ላይ አስተኝታ ነው የሞተችው። ጎረቤቶች አይተው ተያዩና አማተቡ። አንዷ ልጁን አንስታ ምን የመሰለ ቀይ ሆነ፣ ከንፈሩ ጽጌረዳ መሰለ አለችና ንግግሯን ሳትጨርስ ቶሎ አስቀመጠችው።

እናቴ መክሳቷ ታየኝ። የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፣ ቤቱን ጠበል ረጩ። ቅዳሴውን ለመቅረትም አስባ ነበር፤ ግን የምትሄደው ስለኔና ስለ ልጄ ልትለምን ነው፣ ለማን ብላ ትቀራለች? ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ታየኛለች፣ ከዚያ በሩን ከመቼውም አጥብቃ ትዘጋለች።

ቱቦው ዝም ማለቱን በአራተኛው ቀን ለባሌ ነገርኩት። ያ ነገር አፉን የቱቦው አፍ ላይ ገጥሞ እኛን የሚተነፍሰን ይመስለኛል አልኩት። ከተቀመጠበት ተነሳ። ወጥቶ ቱቦውን አየው፤ ያኔ ማታ ሊሆን ሲል ነው፣ እሳቱ እየነደደ ነው፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ምንም የለውም ብሎ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ምድጃው ሲነሳ መኩራቱን ተወ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መከሩና እስከ እሑድ ካልተሻለኝ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጠበል ሊወስዱኝ ተስማሙ። ወንዙ እስከ ደረት ሞልቷል። የሦስት ሳምንት ሕፃን በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ወንዝ። ልጄን ተሸክመውት ሄደው ቀብረውት እንደሚመለሱ በዓይኔ በብረቱ ታየኝ።

በስድስተኛው ቀን እናቴ እንደወጣች ልጁን ጡት አስያዝኩት። አፉ ጡቱ ላይ ነው፣ ግን አይስብም። ጉንጩን ነካሁት፣ አልነቃም። ቱቦው ዝም አለ። ያኔ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ፤ እኔ ስናደድ ደግሞ ባሌ ራሱ ከቤት ይወጣል። የመጣው ይምጣ፣ ፊቱን ሳላየው ልጄን አይወስደውም አልኩ። ልጁን ደረቴ ላይ በነጠላ አሰርኩት፣ ማጭዱን ከትራሱ ሥር አወጣሁ፣ ከአልጋው ወረድኩ። ወዲያው ወደቅሁ። በእጅና በጉልበቴ እየዳህኩ በሩ ጋ ስደርስ አቅሜ አለቀ፣ ግንባሬን ደፉ ላይ ጣልኩት።

ከደፉ ሥር ባሌ ሳያየው የቀረ ጣት የምታህል ክፍተት ነበረች። በሷ የሚገባው ብርድ ፊቴን መታኝ። ጥቂት ተነፈስኩ፤ ግንባሬን የጠፈረው ነገር ላላ አለ። ደግሜ ተነፈስኩ፣ ደግሞ ላላ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም የያዘን ነገር ያለው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው፣ ውጭ የለም። የልጁን ፊት ከክፍተቱ አጠገብ አደረግሁት። ብዙ ቆየ። ከዚያ አሳለው፣ ቀጥሎ እንደ ድመት ቀጠን ያለ ድምፅ አሰማ። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፣ ድንጋዩ ተንፏቀቀ፣ አራስ አትወጣም የተባለችዋ እኔ በቀትር በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ጉሙ እጄን እንኳ አላሳየኝም። የቅዳሴው ዜማ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንዴ ከፊቴ ነው፣ አንዴ ከኋላዬ። ግድግዳውን እየዳሰስኩ ወደ ቤቱ ኋላ ዞርኩ። ባሕር ዛፉ አናቴ ላይ ይጮሃል፣ ቱቦው ፀጥ ብሎ ቆሟል። ከግድግዳው የወጣበትን ነካሁት፣ ይፋጃል። ከክዳኑ በላይ ያለውን ነካሁት፣ በረዶ ነው። ማጭዱን እግሬ ሥር አስቀምጬ ክዳኑን አዞርኩና አወለቅሁት። እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ። አንድ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ሞቅ ያለ ነገር ነካሁ።

ሕያው ነገር መሰለኝ። እጄን አውጥቼ ልሮጥ ነበር፤ ልጁ ደረቴ ላይ ባይኖር እሮጥ ነበር። ጨብጬ ጎተትኩት፣ እንቢ አለ፣ ደግሜ ስጎትተው ተላቆ እግሬ ላይ ወደቀ። ወዲያው ቱቦው አናቴ ላይ ያንጎራጉር ጀመር።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። መቀነት ነው፤ ተጠቅልሎ፣ ተቋጥሮ፣ በጠበል ርሶ፣ ጥላሸት ጠጥቷል። ስፈታው ከውስጡ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወጣ። ጥለቱን አውቀዋለሁ። የእናቴ መቀነት ነው።

ከቅዳሴ ስትመለስ በሩ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ፤ ልጁን ታቅፌዋለሁ፣ መቀነቱ ከፊቴ ተዘርግቷል። ጎረቤቶች ተከትለዋታል። ባሌም የልጁን ለቅሶ ሰው ሰምቶ ነግሮት ከቢሮ መጣ። መቀነቱን ሲያይ ሁሉም ነገር ገባው፤ ሠራተኛው ያስጠነቀቀው ያኔ ትዝ አለው። ፍም ጭሱን ቢጨርስም የሚያፍነው ነገር እንዳለው፣ ያ ነገር እንደማይታይና እንደማይሸት፣ መውጫ ካጣ ቤቱን ሞልቶ የተኛውን ሰው እንደሚገድል ተናገረ። እናቴ ወደሱ አልዞረችም። ወደኔ እያየች፣

«ጭሱን ጨርሶ ነበር እኮ» አለች። «ፍም ነበር። አይቼ ነው የምደፍነው።»

እውነቷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በሣር ቤቷ ፍም አሙቃ ተኝታለች፣ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ሣር ክዳን ይተነፍሳል፤ ቆርቆሮው፣ ጭቃውና ጋዜጣው አይተነፍስም። ይህንን አሁን አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ስድስት ቀን የተሸከምኩት ፍርሃት አንድ ላይ ገነፈለብኝ። እናቴ ከኔ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ቀብራለች፣ ሁለቱም በአራስነቷ፣ ሁለቱም ቀትር ላይ። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ጥጥ እየፈተለች ቀና ሳትል ነግራኝ ነበር። ይህንን እያወቅሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ጋኔኑ አንቺ ነሽ» አልኳት። «ሁለቱንም እንዲሁ ነው የጨረስሻቸው።»

እናቴ መሬት ላይ ያለውን መቀነት አየችው። ስንት ቀን እንደደፈነችው በጣቷ ስትቆጥር አየኋት፤ ስድስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

በሦስተኛው ቀን፣ አርባ ቀኔ ሳይሞላ፣ ወደ አገሯ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ተነሳች። ወገቧን በገመድ አስራ ነበር። ልጁን አልሳመችውም፤ ከሩቅ አይታው ወጣች። ቆይ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ንዴቴ አልበረደም ነበር፣ ሲበርድ ደግሞ ሐፍረቱ ከንዴቱ ባሰ።

ከዚያ በኋላ ባሌ ቤቱን እንደገና ሠራው። ከጣራው ሥር የመረገውን ጭቃ አፍርሶ በአራቱም ማዕዘን ክንድ የምታስገባ ክፍተት ተወለት፣ የቱቦውን ክዳን ሴትም ወንድም እንዳያወልቀው በሽቦ አሰረው፣ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይጠይቀው ያስረዳል። ምድጃው ብዙ ዓመት አገለገለን። እኔ ግን ነፋሱ ቆሞ ቱቦው ዝም ባለ ቁጥር ልጆቼን ሰብስቤ ወደ ውጭ እወጣ ነበር፤ ሰው እብድ እስኪለኝ ድረስ።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እናቴ ቅቤና ማር ላከች፣ ራሷ አልመጣችም። መልእክቱን ያመጣው ሰው እጄ ክፉ ነው በልልኝ ብላኛለች አለ። ሦስተኛውንም ስወልድ እንዲሁ። የበኩር ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላው አልቻልኩም፣ እሱን ይዤ ሄድኩ። ይቅርታ የምልበትን ቃል ሁለት ቀን ሙሉ በመንገድ ስደረድር ነው የደረስኩት። ዝናብ ነበር። ሁለታችንም በስብሰን እየተንቀጠቀጥን የእናቴ ሣር ቤት ገባን። መካከል ላይ እሳት አለ፣ ነድዶ ያለቀ ጥሩ ፍም። ልጁ ሮጦ እጁን ዘረጋበት።

እናቴ አላቀፈችንም። ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች፣ ገል አንስታ ፍሙን ዛቀችው፣ እየሮጠች ወስዳ ዝናቡ ውስጥ ደፋችው። ተመልሳ ዛቀች። የቀረውን በእጇ ለቀመችው፤ ሲያቃጥላት አየሁ፣ አልጣለችውም። ውጭ ፍሙ ዝናብ ላይ ሽስስ እያለ ሲጠፋ ይሰማል። ምድጃው አመድ ብቻ ሆነ፣ ቤቱ ጨለመ፣ ብርዱ ገባ።

ያን ጊዜ ልጁን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በጋቢዋ ጠቀለለችው። እኔ የደረደርኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ሣር ቤት ይተነፍሳል አልኳት፣ እዚህ ፍም ሰው አይጎዳም፣ ባሌም ይህንኑ ብሏል አልኳት። ሁለቱን ልጆች የገደላቸው ፍም አይደለም፣ እኔ ተናድጄ ያልኩት ነው፣ ማሪኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አንስታ ሳመችኝ። ማርሁሽ፣ ከልቤ ነው አለችኝ፣ ፊቷም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ጋቢውን በልጁ ላይ አስተካከለች።

«ሁለቱንም በፍም ነበር ያሞቅኋቸው» አለች። «ያን ጊዜ ዝናብ ስለነበረ ጣራውን በቆዳ ሸፍነነው ነበር።»

ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ እሳቱን እንደገና ላቀጣጥል ተነሳሁ፣ ልጁ እስኪሄድ ይቆይ አለችኝ። ልጁ ጉልበቷ ላይ አንቀላፋ። እኔ እርጥብ ልብሴን ለብሼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፣ እሷም እጇን ከአፍንጫው ሥር ሳታነሳ ዋለች።